ፍሪምባው 91 ዲግሪ ላይ ቆሞ አልሄድም አለ፤ የጥብስ ፍቅር ወደ ሙያ የሚያድገው እንዴት ነው?

ሰሚት ከሰል | ሰኞ፣ ጥቅምት 17፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰል ሲቀጣጠል እግሬ ወደዚያው ነው። ለፋሲካ በግ ሲታረድ ሌላው ወጡን ሲጠብቅ እኔ ጎድኑን ይዤ ከማንደጃው ጎን እቀመጥ ነበር። አሁን ዕድሜዬ 34 ነው፤ በቤተሰብ ድግስ ሁሉ ጥብሱ የእኔ ድርሻ ሆኗል። ሰው በልቶ ያመሰግነኛል። ምስጋናው ግን እያሳሰበኝ መጥቷል። አንድ ቀን ግሩም ይሆንልኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ከሰል፣ ከዚያው ሉካንዳ በገዛሁት ሥጋ ጥርስ የሚፈትን ነገር አወጣለሁ። ለምን እንደተሳካልኝ አላውቅም፤ ለምን እንደተበላሸብኝም አላውቅም። ይህ ዕድል ነው እንጂ ሙያ አይባልም። እኔ ሙያውን ነው የምፈልገው።

ባለፈው ዓመት የ200 ሊትር በርሜል ገዝቼ ብየዳ ቤት ወሰድኩ። በጎኑ አጋድመው በአንድ ጫፍ የእሳት ሳጥን፣ በሌላው ጫፍ ጭስ ማውጫ ሠሩለት። ሥጋው ከእሳቱ በላይ ሳይሆን ከእሳቱ ጎን ተቀምጦ፣ በሚያልፈው ሙቀትና ጭስ ብቻ ቀስ ብሎ ይበስላል።

የትናንቱን ልንገራችሁ። 4 ኪሎ ተኩል ፍሪምባ ገዝቼ ቅዳሜ ማታ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ቀባሁት። እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት እሳት አነደድኩ፤ በርሜሉ 120 ዲግሪ ሲደርስ ሥጋውን አስገባሁ። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የሥጋው ውስጥ 64 ዲግሪ ደረሰና ንቅንቅ አልል አለ። ይህ እንደሚመጣ ሰምቼ ስለነበር አልደነገጥኩም፤ በፎይል ጠቀለልኩት፤ መውጣት ጀመረ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 91 ገባ። የቴክሳስ ሰዎች 95 ይላሉና 95ን ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ 91። ሁለት ሰዓት አለፈ፤ 91። እንጨት ጨምሬ በርሜሉን 170 አደረስኩት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 95 ታየና ከፈትኩት። ሥጋው ቢላዋ ሲነካው እንደ ገለባ ተበተነ። እናቴ ምንም ሳትናገር በላች። ያ ዝምታ ከተግሣጽ ይከብዳል።

የት ተሳሳትኩ? ከዚህ ባሻገርስ፣ መውደድ ወደ ማወቅ የሚሻገረው በምን መንገድ ነው?

ዳላስ ነዋሪ | ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፣ ከረፋዱ 4፡30

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ አገር እንደመጣሁ ቅዳሜና እሑድ በአንድ የሥጋ ማጠኛ ቤት ሳህን አጣቢ ሆኜ ገባሁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ እሳቱ አሻገሩኝ። ከዚያ ለስድስት ዓመት ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየተነሣሁ እሳት ጠብቄአለሁ። ስለዚህ የምነግርህ በእጄ የሠራሁትን ነው።

እሳቱንና ሥጋውን በአንድ ቀን ለመማር አትሞክር። በሚመጣው እሑድ ሥጋ አትግዛ። በርሜሉን አንድድና ለስድስት ሰዓት 120 ዲግሪ ላይ ያዘው፤ ሌላ ምንም አትሥራ። ጭሱን ተመልከት። ነጭና ወፍራም ሆኖ የሚንቦለቦል ከሆነ እንጨቱ እርጥብ ነው ወይም እሳቱ አየር አጥቷል። ያ ጭስ ሥጋው ላይ ጥቀርሻ ያሳርፋል፤ ምላስ ላይ ይመርራል። የምትፈልገው ከጭስ ማውጫው በላይ አየሩን ብቻ የሚያርገበግብ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀጭን ጭስ ነው። እሳቱ ትንሽ ይሁን፣ ግን በነበልባል ይንደድ። ሙቀት ሲበዛብህ አየሩን አትዝጋበት፤ እንጨቱን አሳንስ። የክንድህን ግማሽ የሚያህል ደረቅ ፍልጥ በየ40 ደቂቃው ይበቃዋል። ቀጣዩን ፍልጥ የእሳት ሳጥኑ ላይ አስቀምጠህ አስቀድመህ አሙቀው፤ ገና እንደገባ እንዲቀጣጠል።

ደብተር ግዛ። በስልክ ሳይሆን በወረቀት፤ እጅህ ቅባት ይኖረዋል። የሥጋው ክብደት፣ ከየትኛው ሉካንዳ፣ እንጨቱ፣ አየሩ፣ በየግማሽ ሰዓቱ የበርሜሉና የሥጋው ሙቀት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ለአንድ ዓመት ከፍሪምባ አትውጣ። ዛሬ ጎድን፣ ነገ ዶሮ፣ ከነገ ወዲያ ዓሣ የሚል ሰው ሁሉንም ይቀምሳል፤ አንዱንም አያውቅም።

እዚህ ቴክሳስ ሙያው ከሉካንዳ ነው የተወለደው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመንና ከቼክ ምድር የመጡ ሥጋ ሻጮች ያልተሸጠላቸውን ሥጋ እንዳይበላሽ በጭስ እያጠኑ በሉካንዳ ወረቀት ጠቅልለው ይሸጡ ነበር። ሎክሃርት በምትባለው ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው ክራይትስ ማርኬት ዛሬም አለ። እሳቱ ዳር ቆመው ሙያውን ያሳደጉት ግን ብዙ ጊዜ ስማቸው ያልተጻፈ ጥቁሮችና የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው፤ ይህ መዘለል የለበትም። ሌክሲንግተን ውስጥ ደግሞ ቅዳሜ ብቻ የሚከፈት ስኖውስ የሚባል ቤት አለ። ስሙን ያስጠሩት ቱትሲ ቶማኔትዝ እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱ ሴት ናቸው፤ ሥራውን በ1966 ጀምረው ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላም በአካፋ ፍም ሲያጓጉዙ ነበር። አንድ ሥራ፣ አንድ እሳት፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት።

ስለ 91 ዲግሪው፦ ቴርሞሜትርህ ተበላሽቷል ብዬ እገምታለሁ። ውሃ አፍላና ክተተው። 100 ማለት አለበት።

ሃያ ዓመት በሉካንዳ | ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፣ ከቀኑ 7፡50

ልጄ፣ እሳቱን የሚያውቁት ይንገሩህ። እኔ ከመንጠቆው ላይ ያለውን ልንገርህ።

ፍሪምባ የከብቱን የፊት ክብደት ሲሸከም የሚኖር ሥጋ ነው። ሻኛና ሽንጥ እንደ ልብ ተቆርጦ ጥሬውን ሲበላ ፍሪምባ ለቅቅልና ለወጥ የሚሄደው ስለዚህ ነው። አንተ የገዛኸው ከምን ዓይነት በሬ ነው? ለዓመታት ያረሰ በሬ ከሆነ በአሥር ሰዓት እሳትም ልቡ አይራራም። ሲቀለብ የከረመ ሰንጋ መሆኑን ጠይቅ። ጮማው ነጭ ነው ወይስ ቢጫ፣ ሲነካ ይሰበራል ወይስ ይለጠጣል፣ በእጅህ እይ።

ሁለተኛ፣ እኛ ሉካንዳዎች ፍሪምባ ሲጠየቅ ጮማውን ገፈን፣ በመጥረቢያ ከአጥንቱ ጋር ቆራርጠን መስጠት ለምደናል። ከዋዜማው ተናገር፤ «ሳይቆራረጥ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ጮማው የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ተትቶ» በል። በዚያ ጮማ ፋንታ ስስ ሥጋ ከሰጡህ ስሱ ጫፍ ወፍራሙ ሳይበስል ይደርቃል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ከቄራ ሌሊት የመጣ ሥጋ ለቁርጥ ንጉሥ ነው። ለረጅም እሳት ግን ገና አልተፍታታም። ሁለት ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በመጀመሪያው ቀን የሚጠነክረው ራሱ ሥጋ በሦስተኛው ቀን ይላላል።

ቁርጥ ይበልጣል | ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 1፡05

ሰዎች፣ በቅንነት ልጠይቅ። ጥሩ ሥጋ ያለው ሰው በአዋዜ ቆርጦ ይበላል፤ ወይም በጋለ ፍም ላይ አምስት ደቂቃ አገላብጦ ከነወዙ ያነሣል። አሥራ አራት ሰዓት እንጨት እያነደዱ ሥጋን ማሰቃየት ምን ይጠቅማል? እንጨቱስ? ወይራ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ መቼ ይተካል? የሰው አገር ሙያ ስለሆነ ብቻ ትልቅ አይሆንም። እኔ የማውቃቸው ጥብስ ሠሪዎች ቴርሞሜትር ነክተው አያውቁም፤ በጆሮ ነው የሚሠሩት። ሥጋው ምጣዱ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምተው እሳቱን ያውቃሉ።

ሃያ ዓመት በሉካንዳ | ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 1፡40

ወንድሜ፣ ለሽንጥና ለዳቢት ከሆነ ያልከው ልክ ነው፤ እነርሱን አሥር ሰዓት ማንደድ ኃጢአት ነው። ያልሠራ ጡንቻ አጭርና ኃይለኛ እሳት ይፈልጋል፤ የሠራ ጡንቻ ረጅምና የዋህ እሳት ይፈልጋል። አንድ በሬ ላይ ግን የሠራው ይበዛል። ያንን የሚያጣፍጥ ሰው ቢገኝ እኔ በግሌ ደስ ይለኛል።

ሰሚት ከሰል | ረቡዕ፣ ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 3፡00

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ጋሼ፣ በሬው ምን እንደነበረ አልጠየቅሁም፤ ጮማውንም እነርሱ ገፈው ሰጥተውኛል፤ በዚያው ቀን ታርዶ በዚያው ሌሊት ጨው ነካው። ሦስቱንም ስቻለሁ።

ቴርሞሜትሩን ፈተንኩ። ዛሬ ጾም ስለሆነ እናቴ ምስር ልትቀቅል የጣደችው ውሃ ነበር፤ ሲንፈቀፈቅ ከተትኩት። 92 ላይ ቆመ። አምስት ደቂቃ ያዝኩት፤ 92። ዳላስ እንዳለው 8 ዲግሪ ያሳንሳል ማለት ነው። ስለዚህ 91 ባለኝ ጊዜ ሥጋው በእውነቱ 99 ነበር ማለት ነው? አዲስ ልገዛ ነው።

መምህር ከደብረ ብርሃን | ረቡዕ፣ ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 4፡10

እባክህ ወንድሜ፣ ቴርሞሜትሩን አትጣል። ምንም አልሆነም።

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፤ ጫናው ሲቀንስ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። አዲስ አበባ ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሒሳቡ 92 ገደማ ይሰጥሃል። እዚህ እኛ ጋ ከ2,800 በላይ ነን፤ ውሃችን 91 ሳይሞላ ይፈላል። ባቄላና ክክ በደጋ እንደ ቆላው ቶሎ የማይበስለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሥጋህ እንምጣ። ሥጋ አብዛኛው ውሃ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ተኖ እስኪያልቅ ድረስ የሥጋው ሙቀት ከውሃው መፍያ ብዙም ሊያልፍ አይችልም። ዳላስ ከባሕር ጠለል የሚርቀው ከመቶ ሜትር ብዙም ሳይበልጥ ነው፤ እዚያ 95 ማለት ከመፍያው አራት ዲግሪ ተኩል ገደማ በታች ነው። አዲስ አበባ ላይ 95 ማለት ከመፍያው ሦስት ዲግሪ በላይ ነው። አንተ 95ን ያየኸው ቴርሞሜትሩ የተሰካበት ሥጋ ውሃውን ከጨረሰ በኋላ ነው። እሳቱን ስትጨምር ያደረግኸው ሥጋውን ማብሰል አልነበረም፤ ማድረቅ ነበር።

ያ 64 ላይ የቆመውም የዚሁ ወንድም ነው። ሥጋው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን የእሳቱን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ እንስራ ውሃን እንደሚያቀዘቅዘው ማለት ነው። ስትጠቀልለው ላቡ መውጫ ያጣል፤ ሙቀቱም መውጣት ይጀምራል። በደጋ አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ ላቡ ይበረታል።

ሥጋውን የሚያለሰልሰው 95 የሚለው ቁጥር ራሱ አይደለም። ጅማቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን የሚባለው ነገር ከ70 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ እየቀለጠ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ይፈጥናል፤ ሲቀንስ ጊዜ ይፈልጋል። አንተ ጋ 88 ወይም 89 ላይ ረዘም አድርጎ ማቆየት ያንኑ ይሠራልሃል።

ዳላስ ነዋሪ | ሐሙስ፣ ጥቅምት 20፣ ከንጋቱ 12፡20

መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ። ስለ ቴርሞሜትሩ ያልኩት ስህተት ነው፤ ሰሚት ይቅርታ አድርግልኝ። ስድስት ዓመት 95 ስል የኖርኩት ቁጥሩ የመጣው ከቆምኩበት መሬት መሆኑን ሳላስብ ነው። እዚህም ቢሆን ጎበዞቹ ቁጥሩን የሚያዩት «አሁን መፈተን ጀምር» ለማለት ብቻ ነው። የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ቀጭን ሹል ነገር ሥጋው ውስጥ ሲገባ በሚሰማህ ነው።

የወይራ ጢስ | ሐሙስ፣ ጥቅምት 20፣ ከቀኑ 9፡00

ሹል ነገር ካላችሁ፣ በየቤታችን ወስፌ አለ። ሰፌድ የሚሰፉ እናቶች ያሉት ቤት አዲስ መሣሪያ አይገዛም። በደንብ ታጥቦ፣ በፈላ ውሃ ተነክሮ ይሠራል። ወስፌው ለጋ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ያህል ሳይይዘው ከገባና ከወጣ ሥጋው በስሏል።

ሌላም ልጨምር፤ ምክንያቱም ይህ ሁሉ ውይይት ጭስን እንደ ባዕድ ነገር ያየዋል። እኛ እኮ የጭስ ልጆች ነን። እናቴ የእርጎውን ዕቃ በወይራ ሳታጥን ወተት አታስገባበትም ነበር። የጠላው ጋን ገልበጥ ብሎ ይታጠናል። ቋንጣ ከምድጃው በላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚከርመው። «ማጠን» የሚል ቃል እያለን «ስሞክ ማድረግ» የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። እናቴ ወይራው ሲጤስ ጭሱ ነጭ ከሆነ «ገና ነው» ብላ ታቆየው ነበር፤ ዕቃውን የምትደፋበት ሲጠራ ነው። ዳላስ ስለ ሰማያዊ ጭስ ያሉትን ሳነብ እናቴን ሰማሁ።

እንጨቱን በተመለከተ የቁርጥ ወዳጁ ጭንቀት የእኔም ነው። ሙቀቱን ከግራር ከሰል አግኙ፤ ወይራው ለሽታው ብቻ ይሁን፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል ፍልጥ በሰዓት አንድ ጊዜ በቂ ነው። ጽድና ባሕር ዛፍ ለዚህ አይሆኑም፤ የጽዱ ሙጫ ሥጋውን ያመርረዋል፤ የባሕር ዛፉ ዘይት ደግሞ የመድኃኒት ሽታ ይሰጠዋል። ፎይሉንም ትታችሁ ኮባ ሞክሩ። ድፎ ዳቦን ለዘመናት ያለሰለሰ ቅጠል ሥጋ አይከብደውም።

ጅዳ የምትኖር | ዓርብ፣ ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 2፡30

እኔ እዚህ በአንድ የየመን ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። መንዲ እንሠራለን። መሬት ውስጥ የተቀበረ ምድጃ አለ፤ እንጨቱ ነድዶ ፍም ሲሆን የሩዙ ድስት ከታች ይገባል፤ የበጉ ሥጋ ከላይ ይሆንና ወዙ ሩዙ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ክዳኑ ይገጠማል፤ ዙሪያው ይመረጋል። የመጀመሪያው ወር የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለመክፈት። አለቃችን ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ክዳኑን ለማየት ያህል ያነሣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ይልጣል። ሰሚት፣ በርሜሉን በቀን ስንት ጊዜ ከፈትከው? ይህንንም ደብተርህ ላይ ጻፈው።

ነርስ ነኝ | ዓርብ፣ ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 3፡15

አጭር ማሳሰቢያ። ዝናብ ሲመጣ ማንደጃውን ወይም በርሜሉን ወደ ቤት፣ ወደ ጋራዥ፣ ወደ ተዘጋ በረንዳ የምታስገቡ አታድርጉት። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ እንጂ ሕመም አይመስልም። የማይነቁ ሰዎች አይቻለሁ። በርሜል የምታስቆርጡም ቀድሞ ምን እንደያዘ ሳታውቁ አትግዙ፤ የምግብ ዘይት የነበረበት ይሻላል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ደግሞ ለእሳት ሳጥን አይሆንም፤ ሲግል የሚወጣው ጢስ መርዝ ነው።

ሰሚት ከሰል | ሰኞ፣ ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 1፡30

ትናንት ሥጋ አልገዛሁም። ስድስት ሰዓት እሳት ብቻ ያዝኩ። ደብተሩ ከፊቴ ነው፦ በመጀመሪያው ሁለት ሰዓት በርሜሉ ከ95 እስከ 160 ሲዋዥቅ ነበር። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ነገሩ ገባኝ። ሙቀቱ ሲወርድ ደንግጬ ብዙ እንጨት እጨምራለሁ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይንርና ደንግጬ አየሩን እዘጋለሁ፤ ያኔ ነጩ ጭስ ይመጣል። ለካ ሥጋውን የሚያመርረው ጭስ የሚመጣው ከእኔ ድንጋጤ ነበር። አምስተኛውና ስድስተኛው ሰዓት ላይ ከ115 በታች አልወረደም፤ ከ128 አልበለጠም። ያለ ሥጋ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጅዳ ያለሽው እህቴ፣ ያን ጊዜ ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት አላስታውስም፤ አለማስታወሴ ራሱ መልስ ነው።

በሥራዬ ተጓዥ | ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25፣ ከቀኑ 6፡10

በሥራዬ ሳኦ ፓውሎ እመላለሳለሁ። ብራዚሎች ሻኛ ያለው ከብት ነው የሚያረቡት፤ ኔሎሬ የሚባለው፣ አያቶቹ ከሕንድ የሄዱ። ሻኛውን «ኩፒም» ይሉታል፤ ጠቅልለው ለሰዓታት በዝግታ ያበስሉትና መጨረሻ ላይ ፈትተው በኃይለኛ ፍም ላይ ፊቱን ያጠቁሩታል። ቢላዋው ሲያርፍበት የሚወርደውን ወዝ አይቼ አገሬ ትዝ አለችኝ። እኛ ጥሬውን ብቻ የምናውቀው ሻኛ ሁለተኛ ሕይወት እንዳለው እዚያ ነው ያየሁት። ሰሚት፣ ከፍሪምባው ዓመት በኋላ አስበው።

ሰሚት ከሰል | ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፣ ከምሽቱ 2፡00

የእሑድ ጥቅምት 30 ውጤት። አንድ ፍሪምባ ለሁለት ከፈልኩት፤ እያንዳንዱ 2 ኪሎ ከ300። ከተቀለበ ሰንጋ፣ ሦስት ቀን ፍሪጅ ያደረ። ጨው ለአንዱ 25 ግራም፣ ቁንዶ በርበሬም ያንኑ ያህል። የግራር ከሰል፣ በሰዓት አንድ ፍልጥ ወይራ። 66 ዲግሪ ላይ አንዱን በፎይል፣ ሌላውን በሁለት ድርብ ኮባ ጠቀለልኩ። ሁለቱንም 89 ላይ በወስፌ መፈተን ጀመርኩ።

በፎይል ያለው ቀድሞ ለሰለሰ፤ ግን ቅርፊቱ ርሶ ቅቅል መሰለ። በኮባ ያለው 50 ደቂቃ ዘገየ፤ ቅርፊቱ ጥቁርና ጠንካራ ሆኖ ቀረ፤ ሽታው ደግሞ ድፎ ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ያለውን የሚያስታውስ ነገር ነበረው። አንድ ስህተት ግን አልቀረልኝም፤ ቸኩዬ ወዲያው ቆረጥኩትና ወዙ መክተፊያው ላይ ፈሰሰ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከቅርፊቱ ሥር የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ቀይ መስመር ነበር። እናቴ «ይህ እኮ ጥሬ ነው» ብላ ገፋችው። ምን ልበላት?

ዳላስ ነዋሪ | ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ከንጋቱ 12፡45

ለእናታችን ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ጥሬ ቢሆን ቀዩ መሃል ላይ ይሆን ነበር እንጂ ዳር ላይ አይሆንም ነበር። እሳቱ ሲነድ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ እርጥቡ ሥጋ ላይ ያርፍና የሥጋውን ቀይ ቀለም አሥሮ ይይዘዋል። ቢበስልም አይጠፋም። ጣዕም አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ብዙ ሰው ለዚያ መስመር ይጨነቃል፤ አንተ አትጨነቅ።

ስለ ማሳረፉ፦ ከነኮባው በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለህ በረዶ የሌለበት የበረዶ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሰዓት ክደነው። 65 ገደማ ሲደርስ ቁረጠው። ስትቆርጥ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ቁራጭ በሁለት እጅህ ያዘውና ሳብ አድርገው። በራሱ ክብደት ከተበጠሰ አልፎበታል፤ እንደ ጎማ ከተለጠጠ አልደረሰም፤ ትንሽ ተከራክሮ ከተለያየ እርሱ ነው። እዚህ የጥብስ ውድድር ዳኞች የሚሠለጥኑት እንዲህ ባለ ነገር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው የካንሳስ ሲቲ ባርበኪው ሶሳይቲ ዳኞቹን መልኩን፣ ጣዕሙንና ልስላሴውን ለየብቻ እንዲመዝኑ ያስተምራቸዋል። ጎድን ላይ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ከአጥንቱ ወለል ብሎ የሚወድቀውን ነው፤ ዳኛው ግን አልፎበታል ብሎ ነጥብ ይቀንሳል። ምላስህን ለይቶ መመስከር ካላስተማርከው እጅህ የት ይደርሳል?

ቁርጥ ይበልጣል | ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 1፡20

ኮባው ላይ አሸነፋችሁኝ። በእውነት ልቀምሰው እፈልጋለሁ። ሰሚት፣ ይህን ነገር ልትሸጠው ታስባለህ?

ሰሚት ከሰል | ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 2፡10

ወንድሜ፣ ገና ነኝ። ሒሳቡን ግን በደብተሬ ሠርቼዋለሁ። 4 ኪሎ ከ600 ሥጋ ገብቶ፣ ጮማው ተስተካክሎ፣ ውሃው ተኖ የወጣው 2 ኪሎ ከ500 ነው። ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በእሳትና በቢላዋ ሄደ ማለት ነው። በገዛሁበት ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሬ ብሸጥ እከስራለሁ። የከሰሉን፣ የወይራውንና የአንድ ሙሉ ቀን ጉልበቴን አልቆጠርኩም። አምስት ጊዜ ተከታትሎ ተመሳሳይ ነገር ሳይወጣልኝ የማንንም ገንዘብ አልቀበልም።

ዳላስ ነዋሪ | ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ከረፋዱ 4፡00

ትክክለኛ ልክ ነው ያስቀመጥከው። ቀኑ ሲደርስ ግን የሌላውን መልክ መገልበጥ እንደሌለብህ እወቅ። እዚህ ዳላስና ፎርት ዎርዝ መሃል፣ አርሊንግተን ውስጥ፣ ፋሲካ ሂክስና ባለቤቷ ፓትሪክ የከፈቱት ስሞክ ኤን አሽ የሚባል ቤት አለ። ከምግብ መኪና ነው የተነሡት። የቴክሳሱን የታጠነ ሥጋና የእኛን ወጥ በእንጀራ ላይ አንድ ትሪ አድርገው ያቀርባሉ። የመጀመሪያውን ቀን ትሪው ፊቴ ሲቀመጥ ዝም ብዬ አየሁት። ሁለት አገር ሳይጣላ አንድ ትሪ ላይ ሲቀመጥ አስቡት።

ሰሚት ከሰል | እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 3፡40

ዛሬ ቅበላ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ጾም ስለሆነ ይህ እስከ ገና የመጨረሻው ነበር።

4 ኪሎ ከ200፣ ያልተከፈለ። ሌሊት 9 ሰዓት አነደድኩ። ሥጋውን ከመጠቅለሌ በፊት በርሜሉን የከፈትኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ተጽፏል። 65 ላይ ቆመ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ተውኩት፤ ቅርፊቱ በጥፍር ሲነካ የማይለቅ ሲሆን በኮባ ጠቀለልኩት። 88 ላይ ወስፌው ወፍራሙ ጎን ገባ፣ ስሱ ጎን ግን ያዘው። 90 ላይ እንደገና ፈተንኩ። ከሦስት ሩብ ሰዓት በኋላ አሁንም 90፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም፣ ወስፌው ግን ያለ ምንም ድምፅ ገብቶ ወጣ። በዚያች ደቂቃ እሳቱ ውስጥ አንድ ፍልጥ ለመጨመር እጄ አልተነሣም። አውጥቼ በፎጣ ጠቀለልኩት።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ካረፈ በኋላ ቆረጥኩ። ቁራጩን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት፤ ትንሽ ተከራከረና ተለያየ። እናቴ የቀዩን መስመር ነገር ከዳላስ የመጣ ማብራሪያ ነው ብዬ ነግሬያት ስለነበር አልገፋችውም። የጠርዙን ጥቁር ቅርፊት ለይታ አነሣችና «ይህ የእርጎ ዕቃ ይሸታል» አለች። ከዚያ ለጎረቤት የሚላክ ሳህን ጠየቀች።

ስሱ ጫፍ አሁንም ትንሽ ደረቀ። ምክንያቱን እገምታለሁ፤ ወደ እሳት ሳጥኑ የዞረው እርሱ ነበር። ቀጥሎ የምለውጠው አንድ ነገር ይህ ይሆናል፤ ወፍራሙን ወደ እሳቱ አዞራለሁ። በጾሙ እሑድ እሑድ ድንችና በቆሎ እያስቀመጥኩ እሳቱን እለማመዳለሁ። ጋሼ ሉካንዳው፣ ለገና አንድ ሙሉ ፍሪምባ ከሰንጋ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ከእርስዎ ዘንድ ማግኘት እችላለሁ?

ሃያ ዓመት በሉካንዳ | እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 4፡05

ታኅሣሥ 26 ጠዋት ና፤ ሦስት ቀን እንዲያድርልህ። በሬውን እኔ እመርጣለሁ። ጮማውን አልነካውም።